የታይሮይድ ዕጢዬ ከወጣ በኋላ ኪኒኑን ሳላቋርጥ እየዋጥኩ ለምን አልተሻለኝም?

ፒያሳዋ
ጥር 28፣ ከምሽቱ 3፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ረዘም አድርጌ ነው የምጽፈው፣ ታገሡኝ።

ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ከስምንት ወር በፊት እንቅርቴን በኦፕራሲዮን አስወጣሁ። ካንሰር አልነበረም። ግን በጀርባዬ ስተኛ ያፍነኝ ጀመር፣ ምግብም ሲወርድ ይታገለኝ ነበር። ሐኪሞቹ ሙሉውን ዕጢ ማውጣት ይሻላል አሉና ወጣ። በደህና አለቀ። ድምፄ አልጎረነነም፣ ጠባሳውንም አሁን አሁን በሻርፕ መሸፈን ትቻለሁ። ከሆስፒታል ስወጣ ታይሮክሲን (የዕጢውን ሆርሞን የሚተካው ኪኒን) 100 ማይክሮግራም በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ ተባልኩ። እሺ ብዬ ተቀበልኩ።

አንድም ቀን አላጎደልኩም። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ይጮኻል፣ ከአልጋ ሳልወርድ በባዶ ሆዴ እውጣለሁ። ግን እየባሰብኝ ነው የሄደው። ቢሮ ሰው ሞቀኝ ብሎ መስኮት ሲከፍት እኔ በሹራብ ላይ ሹራብ ደርቤ እንቀጠቀጣለሁ። ፀጉሬ በማበጠሪያ ተጠቅልሎ ይወጣል። ከ57 ኪሎ 63 ገባሁ፣ ያውም ምግብ ቀንሼ። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ ደረሰኝ ላይ ያለውን ቁጥር አራት ጊዜ አነበብኩት፣ አራቱንም ጊዜ ወደ ኮምፒውተሩ ስዞር ጠፋኝ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ትናንት የቲኤስኤች (የታይሮይድ የደም ምርመራ) ውጤቴ መጣ፤ 18.4። ሐኪሙ አየውና ወደ 125 እናሳድገው ብሎ ጻፈልኝ። ማዘዣው ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ገና አልገዛሁም። እህቴ ደግሞ ኪኒኑ ነው ያልተስማማሽ፣ ተዪው ትለኛለች። መተው አልፈልግም። ግን ለምን እንደማይሠራልኝ ሳላውቅ ዝም ብዬ መጨመሩም ከበደኝ። ያለፋችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ። ጾሙም አሥር ቀን ያህል ነው የቀረው፣ እሱም ያሳስበኛል።


የእማዬ_ልጅ
ጥር 28፣ ከምሽቱ 4፡15

እህቴ፣ ሌላውን የሚያውቁ ይመልሱልሽ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ እንዳትተዪው።

እናቴን እንቅርት የያዛት እኛ ሳንወለድ ነው። አዲስ አበባ አምጥተን አስወጣንላት። ወደ አገር ቤት ስትመለስ ኪኒኑን ይዛ ሄደች፣ ጥቂት ወራት ዋጠች። ከዚያ «እብጠቱ ወጥቶልኝ የለም እንዴ፣ ለዳነ ሰው ምን መድኃኒት ያስፈልገዋል» ብላ ተወችው። ማንም አልነገረንም። በስልክ ስንደውል ደህና ነኝ ትላለች። ድምፇ ወፈር፣ ዘግየት ብሎ ነበር። እኔ ጉንፋን መስሎኝ አለፍኩት። እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ለጥምቀት ስሄድ በጠራራ ፀሐይ ሁለት ጋቢ ደርባ ደጅ ተቀምጣለች። ፊቷ አብጦ የዓይኗ ቆብ ወርዷል። ሳምኳት፣ ጉንጯ ቀዝቃዛ ነበር። አየችኝ፣ ቆየች፣ ከዚያ ነው ስሜን የጠራችው። ምላሷ አፏ ውስጥ የከበዳት ይመስል ነበር። በማግስቱ ሆስፒታል ወሰድናት። ዕድሜዋንና ልቧን አይተው በ25 ማይክሮግራም ጀመሩላት፣ ከዚያ ቀስ እያሉ አሳደጉት። ወደ ራሷ ለመመለስ ወራት ፈጀባት።

ጠበል ስትሄድ ነው ያቆመችው። ጠበሉን አልቃወምም፣ እኔም እጠመቃለሁ። ግን በኤች አይ ቪ ጊዜ አባቶቻችን መድኃኒታችሁን እየወሰዳችሁ ተጠመቁ ብለው አስተምረውን የለም ወይ? ይሄም ያው ነው። አሁን እማዬን የምነግራት እንዲህ ብዬ ነው፤ «ይሄ የበሽታ መድኃኒት አይደለም፣ ሰውነትሽ ድሮ ራሱ ይሠራው የነበረውን ነው የምትውጪው።» ይሄ ገባት።


እማማ_ጓሮ
ጥር 29፣ ከጠዋቱ 2፡05

ልጄ አይዞሽ። ጎመንና ጥቅል ጎመን አቁሚ፣ እንቅርት ያባብሳል ይባላል። አዮዲን ያለበት ጨው ግዢና ወጥሽ ላይ በርከት አድርጊ። የኛ ሰፈር ሴቶች እንደዚያ ነው የሚመካከሩት። እግዚአብሔር ይማርሽ።


አምስተኛ_ዓመት
ጥር 29፣ ከጠዋቱ 3፡30

እማማ፣ ምክርዎ ዕጢው ላለበት ሰው መሠረት አለው። ጥሬ ጎመን እጅግ ሲበዛ፣ አዮዲንም ሲጎድል ዕጢውን ያስቸግራል። የእሷ ዕጢ ግን ወጥቷል። ጎመኑ የሚከለክለው ሥራ የለም፣ አዮዲኑም ሄዶ ሆርሞን የሚሠራበት ቤት የለም። ስለዚህ ጎመኗን ትብላ። ጨው ብታበዛ ደም ግፊት እንጂ ሌላ አታተርፍም። አዮዲን ያለው ጨው ለቤቱ ሰው በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር የግድ ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብም ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ያዛል። የእሷ ጉዳይ ግን ኪኒኑ ላይ ነው።

ፒያሳዋ፣ ቁጥርሽን ላስረዳሽ፣ ብዙ ሰው ገልብጦ ነው የሚረዳው። ቲኤስኤች ራሱ የታይሮይድ ሆርሞን አይደለም። አንጎል ሥር ያለች ትንሽ ዕጢ ሆርሞኑ ሲያንስ የምትጣራበት ድምፅ ነው። በጎደለ ቁጥር ጩኸቷ ይጨምራል። በአብዛኛው ላብራቶሪ ደህና የሚባለው ከ0.4 እስከ 4 ገደማ ነው። ያንቺ 18.4 ማለት እየጮኸች ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ በዝቶብሽ ወይም ሳይስማማሽ ቀርቶ አይደለም፣ እየደረሰሽ አይደለም። እህትሽን ሰምተሽ ብታቆሚ ኖሮ ቁጥሩ ከዚህ እጅግ ይወጣ ነበር።

አንድ ታሪክ ልጨምር፣ ስማረው ውስጤ የቀረ ነው። በርን ከተማ፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ቴዎዶር ኮኸር የሚባል ቀዶ ሐኪም ነበረ። እንቅርት በማውጣት የታወቀ፣ በ1909 የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሰው ነው። በ1883 የቀድሞ ታካሚዎቹን ጠርቶ ሲያያቸው ዕጢያቸው ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው ሰዎች አብጠው፣ ፈዝዘው፣ ዘግይተው አገኛቸው። ኦፕራሲዮኑ ተሳክቶ ሰዎቹ ግን እየጠፉ ነበር። ያን ጊዜ የሚተካ ነገር አልነበረም። በ1891 ነው ጆርጅ መሪ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ከበግ ታይሮይድ የተጨመቀ ፈሳሽ ለአንዲት የ46 ዓመት ሴት የወጋላት። ሴትየዋ ዳነች፣ ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ኖረች። አሁን እኛ በጣት ጫፍ የምንይዘው ኪኒን የዚያ ልጅ ነው።


ፋርማሲስቱ_ነኝ
ጥር 29፣ ከቀኑ 7፡10

እህቴ፣ ማዘዣውን ከመግዛትሽ በፊት ሦስት ነገር መልሺልኝ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ካልሲየም ታዞልሽ ነበር? አሁንም ትወስጃለሽ ወይ፣ ስንት ሰዓት ላይ? ኪኒኑን ከዋጥሽ በኋላ ቡና የምትጠጪው ከስንት ደቂቃ በኋላ ነው? ሌላ ከምግብ ውጭ የምትወስጂው ነገር አለ፣ ለጨጓራ፣ ለደም ማነስ፣ ለፀጉር?


ፒያሳዋ
ጥር 29፣ ከምሽቱ 1፡20

ካልሲየም አዎ። መጀመሪያ ቀን ላይ ሦስቴ ነበር፣ ጣቴንና ከንፈሬን ይደነዝዘኝ ስለነበር። ቀንሰውልኝ አሁን በቀን አንድ ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ መዳፌ ላይ አድርጌ ነው በአንድ ጉንጭ ውኃ የምውጠው፣ እንዳልረሳ ብዬ። ቡና ደግሞ እማዬ ጀበናዋን ቀድማ ትጥዳለች፣ እኔ ፊቴን ታጥቤ ስወጣ ስኒው ተቀድቶ ይጠብቀኛል። ከ15 ደቂቃ አይበልጥም። ካንዴ በላይ መጠጣት ስለማልችል ያቺን ሰዓት ነው አብረን የምንቀመጠው። ለፀጉሬ ብዬ ደግሞ ካለፈው ወር ጀምሮ ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን እወስዳለሁ።

ካልሲየሙ ነው እንዳትለኝ።


ፋርማሲስቱ_ነኝ
ጥር 29፣ ከምሽቱ 2፡45

እሱ ሳይሆን አይቀርም እህቴ። ረጋ ብለሽ አንብቢኝ።

ካልሲየምና ታይሮክሲን ሆድ ውስጥ ሲገናኙ ይያያዛሉ። የተያያዘው ወደ ደም አይገባም፣ በአንጀት አልፎ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ብረት ያለበት ኪኒንም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ በካልሲየም፣ በብረትና በታይሮክሲን መካከል ቢያንስ አራት ሰዓት መኖር አለበት። ቡናም መጠኑን ይቀንሰዋል፤ ከታይሮክሲኑ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ የተሻለው አንድ ሰዓት መጠበቅ ነው። ለጨጓራ የሚሰጠው ኦሜፕራዞልም የሆድን አሲድ ስለሚቀንስ ኪኒኑ በደንብ እንዳይሟሟ ያደርጋል፣ አንቺ አልወሰድሽም እንጂ ለሌሎች አንባቢዎች ልንገር። አኩሪ አተርም እንደዚያው ነው፣ በጾም የአኩሪ አተር ወተት የምትጠጡ አስተውሉ።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራው፣ ያንቺው ሙያ ነው። ዕጢው ሙሉ በሙሉ ለወጣለት ጎልማሳ የተለመደው መነሻ መጠን ለአንድ ኪሎ 1.6 ማይክሮግራም ገደማ ነው። 63 ኪሎ ሲባዛ በ1.6 ወደ 100 ይመጣል። የታዘዘልሽ 100 ነው። መጠኑ ሳይሆን አወሳሰዱ ነው የተበላሸው ብዬ የምገምተው ለዚህ ነው። ሐኪሙም ካልሲየሙን ከኪኒኑ ጋር እንደምትውጪው ካልነገርሽው ሊያውቅ አይችልም።

የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። 125 ገዝተሽ መዋጥ ብትጀምሪ፣ በዚያው ሰሞን ካልሲየሙን ብትለዪው፣ ድንገት ሙሉ መጠኑ ወደ ደምሽ ይገባል። ያን ጊዜ ልብሽ መደለቅ፣ እጅሽ መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማጣት ይጀምርሻል። ሲቆይ ደግሞ አጥንት ያሳሳል፣ የልብ ምት ያዛባል። ስለዚህ ነገ ሐኪምሽ ጋ ሂጂና የነገርሽኝን ሁሉ ንገሪው። ምናልባት በ100 እንቆይ፣ ሰዓቱን እናስተካክልና እንየው ይልሻል። ውሳኔው የሱ ነው።

ካልሲየሙን በራስሽ እንዳታቆሚ። ከታይሮይድ ጀርባ የምስር ፍሬ የሚያክሉ አራት ትናንሽ ዕጢዎች አሉ፣ የደምን ካልሲየም የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ኦፕራሲዮን ላይ ይጎዳሉ፣ አንዳንዴ ቶሎ ያገግማሉ አንዳንዴ ይቆያሉ። አሁንም ያስፈልግሽ እንደሆነ በደም ምርመራ ይታያል፣ ይሄንንም ጠይቂው።

እኔ በመስኮት የምሰጥ ሰው ነኝ። ካርቶኑ ላይ 1×1 ብለን እንጽፋለን፣ ሁለቱንም ካርቶን በአንድ ፌስታል እናስገባለን፣ ቀጣይ እንላለን። እነዚህ ሁለቱ አይገናኙ ለማለት ግማሽ ደቂቃ ይበቃ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ያንን የነገረሽ ሰው አለመኖሩ አንገቴን ያስደፋኛል።


አምስተኛ_ዓመት
ጥር 29፣ ከምሽቱ 3፡00

ባዮቲኑን ሳይ ደነገጥኩ። ባዮቲን ሆርሞኑን አይነካም፣ ግን አንዳንዱ የላብራቶሪ ማሽን ላይ ውጤቱን ያሳስታል። ቲኤስኤች ከእውነቱ ዝቅ ብሎ፣ ቲ ፎር (ደም ውስጥ ያለው ታይሮክሲን) ከፍ ብሎ እንዲወጣ ያደርጋል። ከሚቀጥለው ምርመራ በፊት ቢያንስ ሁለት ቀን አቁሚው፣ ለሐኪሙም ንገሪው። ፀጉርሽ የሚረግፈው ሆርሞኑ ስላነሰ ከሆነ ደግሞ የሚመልሰው ሆርሞኑ ነው።


የተፈጥሮ_ሻይ
ጥር 29፣ ከምሽቱ 4፡50

ታይሮይድ ያለ ኪኒን የሚድንበት ባህላዊ ሻይ አለን፣ በሦስት ወር ከመድኃኒት ይገላግላል። በውስጥ መስመር አናግሩን።


አወያይ
ጥር 30፣ ከጠዋቱ 2፡20

ከላይ ያለውን ጽሑፍ ያላጠፋሁት ሰው አይቶት እንዲያውቅበት ብዬ ነው። ዕጢው ለወጣለት ሰው ሆርሞኑን የሚተካ ሻይ የለም። ሰው ኪኒኑን ቢያቆም የእማዬ_ልጅ የጻፈው ነው የሚደርሰው። አድራሻውን አግጃለሁ።


ሲልቨር_ስፕሪንግ
ጥር 30፣ ከቀኑ 9፡00

እኔም ዕጢዬ ከወጣ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፣ የምኖረው አሜሪካ ነው። ሁለት ነገር ላካፍል።

አንደኛው የአክስቴ ነገር ነው። አክስቴ አዲስ አበባ ሆና የ50 ኪኒን ሁለት ሁለት ትውጥ ነበር፣ በጠቅላላ 100። አንድ ሰሞን መድኃኒቱ ከፋርማሲ ጠፋ ሲባል ተጨነቅንና በሚሄድ ሰው ላክንላት። የላክነው 100 ነው። እኛ አንድ አንድ እንደምትውጥ አስበናል፣ እሷ ግን የለመደችውን ሁለት ቀጠለች። በወር ተኩል ውስጥ ከሳች፣ ላብ በላብ ሆነች፣ ሌሊት ልቤ ሊወጣ ነው ትላለች። ሰው ሁሉ ስኳር ነው አለ። በቪዲዮ ስንነጋገር ኪኒኑን አሳዪኝ ብያት ሁለቱን ቢጫ ፍሬ መዳፏ ላይ ሳይ ነው የገባኝ። እዚህ የሚሸጠው በቀለም ይለያል፣ ነጩ 50 ነው፣ ቢጫው 100። በሌላ አገር የሚሠራው ግን ሁሉም ነጭ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የፍሬውን ብዛት አትመኑ፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። አንዳንዱ ላይ 0.1 ሚሊግራም ይላል፣ እሱ 100 ማይክሮግራም ማለት ነው። እባካችሁ መድኃኒት የምትልኩ ሰዎች፣ ካርቶኑ ላይ በአማርኛ «በቀን አንድ ብቻ» ብላችሁ በእስክሪብቶ ጻፉ። ፋብሪካውም ሲቀየር ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ቲኤስኤች መለካት ጥሩ ነው ብለውኛል።

ሁለተኛው እርግዝና ነው። ፒያሳዋ አላነሳሽውም፣ ግን ሌሎች ሴቶች ያነቡታል። ሐኪሜ ገና ሳላረግዝ ነው የነገረችኝ፤ የእርግዝና ምርመራሽ አዎ ባለ ቀን ቀጠሮ ሳትጠብቂ በሳምንት ሁለት ኪኒን ጨምሪ፣ ሰባት የነበረው ዘጠኝ ይሁን፣ ከዚያ ደውዪልኝ አለችኝ። ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የራሱን ሆርሞን ስለማይሠራ ከእናቱ ነው የሚወስደው። በየአራት ሳምንቱ ተለካሁ፣ ከወለድኩ በኋላ ወደ ድሮው መጠን ተመለስኩ። የእርግዝና ቫይታሚን ደግሞ ብረትም ካልሲየምም አለበት፣ ያንን ማታ አደረግሁት። ልጄ አራት ዓመቷ ነው፣ አሁን አጠገቤ ሆና የስልኬን ቁልፍ ትነካለች። ለማርገዝ የምታስቡ አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ።


ፒያሳዋ
ጥር 30፣ ከምሽቱ 2፡30

ሐኪሙ ጋ ዛሬ ሄጄ ነበር። ካልሲየሙንና ቡናውን ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀምጦ ዝም አለ። ከዚያ «መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ» አለኝ። አልተቆጣሁትም፣ እንዲያውም ደስ አለኝ። በ100 እንቀጥል፣ ሰዓቱን ለዪና ከስምንት ሳምንት በኋላ ነይ እንይሽ አለ። የካልሲየም ምርመራም አዘዘልኝ።

አሁን የጾሙን ነገር ንገሩኝ። እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ። ጠዋት ኪኒኑን በውኃ ከዋጥኩ ጾሙ ፈረሰ ማለት ነው? ከተውኩት ደግሞ ካልሲየሙ የት ይገባል?


ኡሙ_ረያን
ጥር 30፣ ከምሽቱ 3፡15

እህቴ ዘንድሮ እኮ ሁለታችንም አብረን ነው የምንገባው፣ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ነው። እኔ ድሬዳዋ ነኝ፣ ዕጢዬ ከወጣ አራተኛ ረመዳኔ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ከሱሁር በፊት አንድ ሰዓት ቀድሜ እየተነሣሁ ሞከርኩ፣ እንቅልፌ ሁሉ ተበላሸ። ሐኪሜን ሳማክረው ማታ አድርጊው አለኝ። አሁን ፊጥራዬን 12 ሰዓት ተኩል ገደማ እበላና ከዚያ በኋላ ከውኃ በቀር አፌ ላይ ምንም አላደርግም። 4 ሰዓት ላይ ልተኛ ስል እውጣለሁ። ከምግቡ ሦስት ሰዓት ካለፈ ሆድ ባዶ ነው ብሎኛል። ደም አስለካሁ፣ ቁጥሬ ንቅንቅ አላለም።


ፋርማሲስቱ_ነኝ
ጥር 30፣ ከምሽቱ 4፡00

ኡሙ ረያን ያለችው ነው ትክክሉ። ፒያሳዋ፣ እንዲያውም ጾሙ ሰዓቱን ያቀናልሻል። 9 ሰዓት ላይ ስትበዪ ካልሲየሙን ከምግብሽ ጋር ውሰጂ። ካልሲየም ካርቦኔት ከሆነ ከምግብ ጋር ነው በደንብ የሚሠራው። እራትሽን 1 ሰዓት ላይ ጨርሺ። ታይሮክሲኑን 4 ሰዓት ላይ ስትተኚ። በሁለቱ መካከል ሰባት ሰዓት አለ፣ ጠዋትም ምንም አትውጪም፣ ጾምሽም አይነካም። ያም ሆኖ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ ለታመመ ሰው የሚሉት አያጡም።

ዋናው የመረጥሽውን ሰዓት አለመቀያየር ነው። አንድ ሳምንት ጠዋት አንድ ሳምንት ማታ ካደረግሽው ቁጥሩን ማንበብ አይቻልም።


ሪያድ_ላይ
የካቲት 3፣ ከሌሊቱ 6፡50

ሰላም። እኔ ሪያድ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ዕጢዬን ያስወጣሁት ከመምጣቴ በፊት ነው። ይዤ የመጣሁት ኪኒን አልቆብኝ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። መጀመሪያ ምንም አልሆንኩም፣ እንግዲህ አያስፈልገኝም መሰለኝ ብዬ ነበር። አሁን ደረጃ ስወጣ እግሬ ይከብደኛል፣ ብርድ ብርድ ይለኛል። እመቤቲቱን ለመንገር ፈራሁ፣ ታማለች ብላ እንዳትመልሰኝ።


ፋርማሲስቱ_ነኝ
የካቲት 3፣ ከጠዋቱ 1፡30

እህቴ፣ መጀመሪያ ምንም ያልሆንሽው መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ነው። በየሰባት ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል። በሦስት ሳምንት የቀረሽ አንድ ስምንተኛው ገደማ ነው፣ ስለዚህ ነው አሁን የሚሰማሽ። ስለዚህ አንድ ቀን ቢያልፍሽ አትደንግጪ፣ ለብዙ ቀን ያለፈሽን ግን ቆልለሽ አትዋጪ።

እመቤቲቱን ንገሪያት። ተላላፊ አይደለም፣ በቀን አንዲት ኪኒን ካገኘሽ እንደማንም ሰው ትሠሪያለሽ፣ ይሄንን ነው የምትነግሪያት። የድሮው ካርቶን ካለሽ ስሙና ቁጥሩ እንዲታይ አድርገሽ ፎቶ አንሺውና ስልክሽ ላይ ይኑር፣ የትም አገር ሐኪም ያነበዋል። ካርቶኑ ከሌለሽ «ሌቮታይሮክሲን» በያቸው፣ የታይሮክሲኑ ሙሉ ስም ነው። ስታገኚው ከምድጃ ራቅ አድርጊው፣ የዚያ አገር ሙቀት መድኃኒቱን ያበላሻል። ከ25 ዲግሪ በታች፣ ብርሃን የማያገኘው ቦታ ነው የሚቀመጠው። ምን እንደሆንሽ እዚህ ጻፊልን።


ፒያሳዋ
መጋቢት 24፣ ከምሽቱ 1፡50

ተመልሻለሁ። ዛሬ ውጤቴን ተቀበልኩ፤ 3.2።

ወረቀቱን ደረጃ ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። መጠኑ አልተጨመረም፣ ያው 100 ነው፣ የ125ቱን ማዘዣ ቀድጄዋለሁ። ካልሲየሜም ደህና ወጣ፣ በግማሽ ቀነሰልኝና ጣትሽን ከደነዘዘሽ ቶሎ ነይ አለኝ። ሰኔ ላይ ድጋሚ እለካለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ምንም ለውጥ ስላላየሁ ተስፋ ቆርጬ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት አካባቢ አንድ ጠዋት ስልኩ ሳይጮህ ነቃሁ። ከዚያ ብርዱ ለቀቀኝ። ክብደቴ ሁለት ኪሎ ቀንሷል። ፀጉሬ አሁንም ይረግፋል ግን አነሰ፣ ግንባሬ ላይ አጫጭር አዲስ ፀጉር ወጥቷል። ሥራ ላይ ቁጥር አልጠፋብኝም። ካልሲየሙን ከመሶቡ ጎን፣ ታይሮክሲኑን ከትራሴ ጎን አስቀምጫለሁ፣ እንዳይገናኙ። እማዬ 9 ሰዓት ላይ ነው አሁን ጀበናዋን የምትጥደው። በዓሉ ሲያልፍ ወደ ጠዋት እንመልሳታለን፣ ኪኒኑ ማታ ስለሆነ ስኒዋን ሳልፈራ እቀበላታለሁ። ለሁላችሁም ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። የእማዬ_ልጅ፣ እናትህን ሳምልኝ።


ሪያድ_ላይ
መጋቢት 24፣ ከሌሊቱ 5፡30

ፒያሳዋ እንኳን ደስ ያለሽ። እኔም ነገርኳት። ራሷ ናት ክሊኒክ የወሰደችኝ፣ በጣም ደግ ሆነችልኝ። ቲኤስኤች ከፍ ብሎ ነበር፣ ሐኪሙ የድሮውን 100 ቀጥዪ አለኝ። ዛሬ ሁለተኛውን ወር ልገዛ ስሄድ 100 የለም ብለው 50 ሰጡኝ። ሁለት ነው አይደል የምውጠው? የአክስቷን ነገር ካነበብኩ በኋላ ፈራሁ።


ፋርማሲስቱ_ነኝ
መጋቢት 25፣ ከጠዋቱ 1፡10

ፈርተሽ መጠየቅሽ ጥሩ ነው። ካርቶኑን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፣ ሳላይ አልመልስልሽም።


ሪያድ_ላይ
መጋቢት 25፣ ከጠዋቱ 1፡40

ላክሁት።


ፋርማሲስቱ_ነኝ
መጋቢት 25፣ ከጠዋቱ 1፡44

አየሁት። 50 ማይክሮግራም ነው። ሁለት። ባለ 100 ያገኘሽ ቀን ወደ አንድ ተመለሺ፣ ካርቶኑ ላይም አሁኑኑ ጻፊበት።